ካሜራውን ማን ተሸከመው?

ነገሩ የጀመረው ግሽ ዓባይ ላይ ነው። ቀኑ ጥር 13፣ 2010 ዓ.ም.፣ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል ነበር። ሦስት ሆነን፣ ሁለት ካሜራና አንድ ረጅም ሌንስ ይዘን፣ ከቲሊሊ ወደ ሰከላ የሚወስደውን መንገድ አቧራ እየቃምን ደረስን። ከሕዝቡ ጋር እየተጋፋን ወደ ምንጩ ስንሄድ ከመካከላችን የአንዱ አንገት ቀለል አለው። ደስ የሚል ስሜት ነበር፤ የቆየው ግን ለአንድ ሰከንድ ብቻ ነው። ማንገቻውን ከካሜራው ጋር ያያዘችው የጥፍር ታህል ቀለበት ተከፍታ፣ ካሜራው ድንጋይ ላይ አረፈ። ሌንሱ ተሰነጠቀ።

መቼም ከተሜ ሲደነግጥ ያስቃል። ሦስታችንም ተንበርክከን ስብርባሪ ስንለቅም፣ በቅሎ የሚጎትቱ አንድ አዛውንት አጠገባችን ቆሙ።

«ምነው ልጆቼ፣ ምን ወደቀባችሁ?»

«ካሜራ ነው አባቴ።»

«ስንት ያወጣል?»

ነገርናቸው። ዝም ብለው በልባቸው ሒሳብ ሠሩ። «ይኸማ ሁለት ጥንድ በሬ ነው» አሉ። ከዚያ የተበጠሰውን ማንገቻ አንሥተው በሁለት ጣታቸው እያሻሹ፣ «ሁለት ጥንድ በሬ በዚች ክር አንጠልጥላችሁ ነው ከአዲስ አበባ የመጣችሁት?»

መልስ አልነበረንም። እሳቸው ከበቅሎው ጭነት ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ጠፍር ቆርጠው፣ የተረፈውን ካሜራ ከአንዳችን ደረት ጋር ጥፍር አድርገው አሰሩልን። «ሸክም የሚገድለው በክብደቱ አይደለም፤ በመወዛወዙ ነው» ብለው በቅሏቸውን ጎትተው ሄዱ። ካሜራው እስከ ማታ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀን አለ። ስለ ኢትዮጵያ የተነሡ የድሮ ፎቶዎችን ስናይ ሁልጊዜ «ማን አነሣው?» እንላለን። «ካሜራውን ማን ተሸከመው? በምንስ አስሮ?» ብለን ግን ጠይቀን አናውቅም። ይህች ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ይዛ ወደኋላ የምትሄድ ናት። እግረ መንገዷንም ማንገቻ ለመግዛት ላሰበ ሰው የምትጠቅም ነገር አታጣም።

ቃሉ ከኛው ጋር ነበር

ዛሬ ፒያሳ ካሜራ መሸጫ ገብተን «ስትራፕ አለ?» እንላለን። አማርኛው ግን ከማናችንም በፊት ለነገሩ ስም አውጥቶለታል፤ ማንገቻ። አነገተ ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ጠመንጃም፣ ጋሻም፣ መጽሐፍም ይነገታል። አንገትና ማንገት ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው። ችግራችን ቃሉን ቃል በቃል መውሰዳችን ሳይሆን አይቀርም፤ ካሜራን የግድ አንገት ላይ ማንጠልጠል ያለብን መሰለን። አባቶቻችን ግን «አነገተ» ሲሉ ብዙውን ጊዜ ከትከሻ ተነሥቶ በደረት ላይ ተሻግሮ በተቃራኒው ጎን የሚወርደውን ማለታቸው ነበር።

ጎጃም ደግሞ የሸክም ዩኒቨርሲቲ ነው ብንል ብዙ አላጋነንንም። የሲራራ ነጋዴ ከጉድሩ ዓባይን ተሻግሮ፣ በባሶ ገበያ አልፎ፣ በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ድረስ ቡናውንና የዝሆን ጥርሱን በአጋሰስ ጀርባ ያመላልስ ነበር። ጭነቱ ግራና ቀኝ ካልተመዛዘነ፣ መጫኛው ካልጠበቀ፣ ከሥሩ ለስላሳ ነገር ካልገባ የእንስሳው ጀርባ ይገጠባል። ጀርባው ከተገጠበ ነጋዴው ከሰረ ማለት ነው። ስለዚህ የጫኝ ሙያ ቀልድ አልነበረም።

እናቶቻችን ደግሞ አንቀልባ ነበራቸው። አንቀልባን አንድ ጊዜ ረጋ ብላችሁ እዩት። ሰፊ ቆዳ ነው፣ ሕፃኑን ከእናቱ ጀርባ ጋር ያጣብቀዋል። ማሰሪያዎቹ ክብደቱን ለሁለቱም ትከሻ ያካፍላሉ። ሁለቱ እጆች ነጻ ናቸው፤ እናት ትፈጫለች፣ ትቀዳለች፣ ገበያ ትሄዳለች። ዛሬ በውጭ ምንዛሪ የሚሸጠው የሁለት ትከሻ የካሜራ መታጠቂያ የሚመካበት መላ በሙሉ አንቀልባው ላይ ነበረ።

ከሁሉ ከሁሉ ግን ለካሜራ የሚቀርበው ማኅደር ነው። የብራና መጽሐፍ ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ውኃ ጠላቱ ነው። ልክ እንደ ካሜራ። ስለዚህ በልኩ የቆዳ ቤት ይሰፋለታል፣ ክዳን ይበጅለታል፣ ረጅም ጠፍር ይገባለታል። መንገድ ሲኬድ ይነገታል፣ ቤት ሲገባ በግድግዳው ችካል ላይ ይሰቀላል። ለቅኔ ወደ ጎጃም የጎረፈው የቆሎ ተማሪ በአንድ ትከሻው አኮፋዳውን፣ ካለውም በሌላው መጽሐፉን ይዞ ነበር ከደብር ደብር የሚዞረው።

ግሽ ዓባይም የራሱ የመጽሐፍ ታሪክ አለው። በአካባቢው እንደሚተረከው፣ ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ወታደር ሊያስራቸው ሲመጣባቸው ሰባት መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ። ከእስር ተፈትተው ሲመለሱ ውኃው አደራውን አወጣ፤ መጻሕፍቱም አልረጠቡም። «ግሽ» የሚለውን ስም ከዚሁ ጋር የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው። ታሪኩን እንደ እምነታችሁ ውሰዱት። እኛን የገረመን ቃሉ ነው፤ አደራ። አንድ ነገር ከእጅህ ወጥቶ በሌላ ሲያዝ፣ ያዡ አደራ ተቀባይ ይሆናል። ማንገቻም ከአደራ ተቀባይ አያንስም። የኛው በላ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንጠቅስ አናልፍም። ማኅደሩን የሰፋው፣ አንቀልባውን ያስጌጠው፣ ጠፍሩን የቀጠቀጠው የቆዳ ባለሙያ «ፋቂ» እየተባለ ይናቅ ነበር። መጽሐፉን የጻፈው ሲከበር መጽሐፉን ከዝናብ ያዳነው ተሰደበ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደፊት ይመለሳል።

የብሩስ ሸክም

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ የደረሰው እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 ነው። (ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ በ1618 ምንጩን አይቶት ነበር፤ ብሩስ ግን ይህን መስማት አልወደደም።) ፎቶግራፍ ገና አልተፈለሰፈም። ብሩስ ግን የካሜራን አያት ያውቃታል። በሰሜን አፍሪቃ ጉዞው ፍርስራሾችን ለመሣል፣ ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት ትልቅ ካሜራ ኦብስኩራ አሠርቶ ነበር።

ወደኛ አገር ሲገባ ከያዛቸው ዕቃዎች ሁሉ ያስመረረው ኳድራንት የተባለው የከዋክብት መለኪያ ነው። በ1769 መጨረሻ ላይ ከምጽዋ ተነሥቶ የታራንታን ተራራ ሲወጣ፣ ዕቃውን የሚሸከሙት ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ አራት አራት እየሆኑ ይፈራረቃሉ። አቀበቱ ሲጠና ሸካሞቹ አቃታቸው። ብሩስ ራሱ እንደጻፈው፣ ያሲን ከተባለ አብሮት ከሚጓዝ ሙስሊም ጋር ሆኖ የዕቃውን ዋና ክፍል በጣም አስቸጋሪ በሆነው ቦታ ላይ ተሸክሞ አወጣው።

ልብ በሉ። ብሩስ የተሸከመባት ያቺ አጭር መንገድ በመጽሐፉ ላይ በደንብ ተጽፋለች። ስምንቱ ሰዎች የተሸከሙበት ያ ሁሉ መንገድ ግን ስም የለውም።

ከዚህ የባሰም አለ። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ ከብሩስ ጋር ነበር። በዚያ ጉዞ ከተሣሉት የዕፅዋትና የአእዋፍ ሥዕሎች አብዛኛዎቹ የእጁ ሥራ ናቸው። ብሩስ በመጽሐፉ ባሉጋኒ ወደ ግሽ ከመሄዳቸው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ። የሠዓሊው የራሱ ማስታወሻ ግን ግሽ ድረስ አብሮ እንደሄደ ያሳያል፤ የሞተው ከዚያ በኋላ ጎንደር ውስጥ ነው። ሥዕሉን የሣለው ሰው እንኳ እንዲህ ከተሰረዘ፣ የቀለም ሣጥኑን የተሸከመው ልጅ ማን ሊያስታውሰው ነው?

ከብርጭቆ እስከ ላይካ

በ1868 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ናፒየር ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት፣ ከመሐንዲሶቹ ጋር የፎቶግራፍ ቡድን አብሮ መጣ። በዚያ ዘመን ፎቶ ማንሣት እንደዛሬው አልነበረም። ብርጭቆው ኬሚካል ይቀባል፣ ሳይደርቅ ይነሣበታል፣ ወዲያው በጨለማ ድንኳን ውስጥ ይታጠባል። ስለዚህ ካሜራ ማለት ሣጥን፣ ባለሦስት እግር ማቆሚያ፣ ድንኳን፣ ጠርሙስ፣ ውኃና የብርጭቆ ክምር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያወጣው የበቅሎ ጀርባ ነው። ያ ዘመቻ ለመድፎቹ ከሕንድ 44 ዝሆኖች አምጥቶ እንደነበር ሁላችንም ተምረናል። ብርጭቆው ሳይሰበር መቅደላ እንዲደርስ ያደረጉት ጫኞች ግን ፈተና ላይ መጥተው አያውቁም።

ወደ ጎጃም እንመለስ። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ በካርታ ለማስፈር ዓመታት ተንከራተተ። መሣሪያውና ካሜራው የተጓዘው በበቅሎና በሰው ጀርባ ነው። ሥራውን በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ፤ ዛሬም ስለ ግሽ ዓባይ የሚጽፍ ሁሉ ይጠቅሰዋል።

ከዚያ 1933 ዓ.ም. መጣ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን ኦሜድላ ላይ ገብተው በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ አቀኑ። ፍኖተ ሰላም፣ የሰላም መንገድ፣ የሚለው የከተማዋ ስም ከዚሁ መመለስ ጋር የተያያዘ ነው። ከጎጃም አርበኞች ጋር የተሰለፈው የኦርድ ዊንጌት የጌዴዎን ጦር ስንቁንና ጥይቱን በ15,000 ገደማ ግመሎች ጭኖ ነበር የተነሣው። በበላያ አድርጎ ቡሬና ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ግመሎቹ በየመንገዱ አልቀዋል። የቆላ እንስሳ ብርዱንና ድንጋያማውን አቀበት አልቻለውም፣ ኮርቻውና አጫጫኑም ደህና አልነበረም። ያ አዛውንት ቢያዩት ኖሮ ምን እንደሚሉ እናውቃለን። መጥፎ ማንገቻ እኛን አንድ ሌንስ አስከፈለን፤ መጥፎ ጭነት ግን በዚያው አገር እልፍ እንስሳ ፈጅቷል።

በዓለም ደረጃ ሸክሙ የቀለለው ላይካ ስትመጣ ነው። ኦስካር ባርናክ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ አስም ስለነበረበት ትልልቆቹን ካሜራዎች እየተሸከመ ተራራ መውጣት ከበደው፤ ስለዚህ ትንሽ ካሜራ ሠራ። በ1925 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበች። ዓለምን የለወጠው ካሜራ የተወለደው «ትከሻዬ ደከመ፣ ትንፋሼ አጠረኝ» ካለ ሰው ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ የጣልያን ወረራ በደጅ ሳለ፣ በትንሽ ካሜራ ሥራው የታወቀው አልፍሬድ አይዘንስታት ኢትዮጵያ ገባ። እዚህ ካነሣቸው ሁሉ በዓለም የታወቀችው የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ናት። የወታደሩ ስም አልተጻፈም። እንግዲህ ካሜራው ቀለለ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም።

የመሐመድ አሚን ትከሻ

የቪዲዮ ካሜራ ሲመጣ ክብደቱ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን በትከሻ። ኬንያዊው መሐመድ አሚን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም ተነሣ። ያ ምስል በትከሻ ላይ የተቀመጠ ካሜራ ሥራ ነው።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ በወደቀ በሳምንቱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። አሚን ግራ እጁን አጣ። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሕይወቱን አጣ። አሚን ሰው ሠራሽ ክንድ ተገጥሞለት ወደ ካሜራው ተመለሰ። እስቲ አስቡት፤ በሁለት እጅ የሚያስቸግረውን ካሜራ በአንድ እጅ። ከዚያ ወዲያ ለእሱ ትከሻና ማሰሪያ የምቾት ጉዳይ ሊሆኑ አይችሉም፤ የሥራው ግማሽ ነበሩ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ ኮሞሮስ አጠገብ አረፈ። በዚያ ቀን አውሮፕላኑ ውስጥ ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ አልቀዋል።

አሚንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጆን ማታይን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? የድምፅ ባለሙያ ማለት በዚያ ዘመን ከካሜራው ጋር በገመድ ተያይዞ፣ መሣሪያውን አንግቶ፣ ካሜራው በሄደበት የሚሄድ ሰው ነው።

በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ዓባይን ከኢትዮጵያ እስክንድርያ ድረስ በውኃ ወረዱት፤ ሚያዝያ 28 ላይ ባሕሩ ዳር ደረሱ። ጉዞው ለአይማክስ ፊልም ተቀርጿል። አይማክስ 70 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚበላ ካሜራ ነው፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር አይደለም። ፊልሙን ስታዩ ገደሉ ያምራል፣ ፏፏቴው ያስፈራል። እኛ ግን አሁን ሌላ ነገር ነው የሚታየን፤ ያ ካሜራ ገደሉ ጫፍ ላይ በእግሩ አልወጣም።

እና ምን እንግዛ?

ታሪኩ ይበቃናል፤ ወደ አንገታችን እንምጣ። ደህና የካሜራ አካል ከባትሪው ጋር ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ትልቁ ሌንስ ሲጨመር ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። የሰው ጭንቅላት ራሱ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ሠርግ ሙሉ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚውል ልጅ፣ ማጅራቱ ላይ ግማሽ ጭንቅላት ጨምሮ ነው የሚውለው። ማታ ራሱን ሲያመው ቡና ያጠጡታል።

የአዛውንቱን ትምህርት በሦስት እንከፍለዋለን።

አንደኛ፣ ሸክም ይካፈል። አንድ ካሜራ ከያዛችሁ ከአንገት አውርዳችሁ በአግድም አንግቱት፤ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ዳሌ። ማንገቻው ትከሻ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ሰፊና ለስላሳ ይሁን፤ ቀጭን ክር ሥጋ ይቆርጣል። ሁለት ካሜራ ከሆነ የሁለት ትከሻ መታጠቂያ ይሻላል፤ ግራና ቀኙ ይመዛዘናል። መንገዱ ረጅም ከሆነ ግን ወገብ ላይ በቀበቶ የሚታሰር ቦርሳ ከሁሉም ይበልጣል። ክብደቱን ትከሻ ሳይሆን ዳሌ ይሸከመዋል።

ሁለተኛ፣ ሸክም አይወዛወዝ። በአግድም የሚነገተው ማንገቻ አንድ ድክመት አለው፤ ስታጎነብሱ ካሜራው እንደ ደወል ይወዛወዛል፣ ድንጋይ ይመታል። አቀበት ስትወጡ፣ በቅሎ ላይ ስትቀመጡ፣ ባጃጅ ውስጥ ስትገቡ ማሳጠር የሚቻል መሆኑን አረጋግጡ። ወይም ሁለተኛ ማሰሪያ ጨምራችሁ ከደረት ጋር አጣብቁት። ረጅም ሌንስ ከሆነ ደግሞ ማንገቻውን ካሜራው ላይ ሳይሆን ሌንሱ ባለው የማቆሚያ ቀለበት ላይ እሰሩ። ሚዛኑ እዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ ማሰሪያውን ከማመን በፊት መርምሩ። ማንገቻ የሚበጠሰው ከመሐል አይደለም፤ ከጫፉ ነው። የብረት ቀለበቷን፣ መቆለፊያዋን፣ ስፌቱን በየጊዜው እዩ። ከሥር ባለው የማቆሚያ ቀዳዳ በብሎን የሚታሰሩት ማንገቻዎች ስትራመዱ እየላሉ ይመጣሉ፤ በየሰዓቱ በጣት አጥብቁ። ከዋናው ሌላ አንዲት ቀጭን የዋስትና ማሰሪያ ከካሜራው ጆሮ ጋር ብታያይዙ፣ ዋናው ሲከዳ እሷ ትይዛለች። ጥምቀትና መርካቶ ለመሰለ ግርግር፣ ቢላዋ የማይቆርጠው ሽቦ ያለበት ማንገቻ ይሻላል። የካሜራውን ስም በትልቁ የሚያውጅ ማንገቻ ደግሞ ለሌባ የተጻፈ የጥሪ ደብዳቤ ነው።

የውጩ ከተወደደባችሁ፣ ደህና የቆዳ ሰፊ ፈልጉ። ልክና ስፌቱን አብራችሁ ምረጡ። ማኅደር የሰፋ እጅ ማንገቻ አያቅተውም። ዋጋውንም አትከራከሩት።

የቀረን አንድ ፎቶ

ከግሽ ዓባይ ስንመለስ በተረፈው ካሜራ ያነሣናቸውን ምስሎች ደረደርን። ምንጩ አለ። ካህናቱ አሉ። ፀበል የያዙ ምእመናን፣ ከምንጩ በላይ ያለው ተራራ፣ የፈረስ ጉግስ የሚመስል ግርግር፣ ሁሉም አለ። ከአራት መቶ በላይ ፎቶ።

የአዛውንቱ አንድም የለም። ካሜራው ከደረታችን ጋር የታሰረው በእሳቸው ጠፍር ነው፤ እያንዳንዷ ፎቶ ሳትንቀጠቀጥ የወጣችው እሳቸው ስላሰሩት ነው። ስማቸውንም አልጠየቅንም። ብሩስን ስንወቅስ የዋልነው እኛው፣ በ248 ዓመታችን የብሩስን ሥራ ደገምነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ስለገባ ያ መንገድ እንደ ያኔው አልሆነም። ሄደን ልንጠይቃቸው ብዙ ጊዜ አስበናል፤ አልሆነልንም። እሳቸው ደህና ይሁኑ አይሁኑ የምንጠይቀው ሰው እንኳ የለንም፤ ስም ሳይያዝ ማን ተብሎ ይጠየቃል?

ስለዚህ ልማድ ቀይረናል። አሁን ሥራ ስንወጣ የሸኘንን ሾፌር፣ ቦርሳ የያዘልንን ልጅ፣ መሰላል የደገፈልንን ዘበኛ ስም ማስታወሻ ላይ እንጽፋለን፤ ፎቶው ሲወጣ ከፈቀዱ ስማቸው አብሮ ይወጣል። ትንሽ ነገር ናት። ጠፍሩ ግን ዛሬም ካሜራው ላይ አለ። ሁለት ማንገቻ ቀይረናል፤ እሱን አልቀየርነውም።